ገብረሥላሴ፦ የአያትህ ስም ስንት ዓይነት ይጻፋል? የማንስ ነው?

ጥያቄውን ሌላ አንባቢም እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። ጠያቂው የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። የአያቱ ስም ገብረሥላሴ ነው። በእሱ ፓስፖርት ላይ ስሙ አንድ ላይ ተጽፏል። ታናሽ ወንድሙ በሌላ ጊዜ ነው የሄደው፤ የእሱ ለሁለት ተከፍሎ ስለተጻፈ እዚያ ሲደርስ የቤተሰብ ስሙ «ሥላሴ» ብቻ ሆኖ ቀረ። የጠያቂው ትልቁ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት «የሯጩ ዘመድ ነህ?» ተብሎ መጥቷል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ትክክለኛው አጻጻፍ የትኛው ነው? ስሙን የያዙ ሰዎች ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው? ለሚወለደው ልጅ ምን ይመዝገብ? በመጨረሻም ከቤት አንድ የቆየ ወረቀት አግኝቶ የአያቱ አባት «ተ/ሥላሴ» ተብለው ተጽፈው አይቷል፤ ያ ማን ማለት ነው?

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ባለቤትህን እመብርሃን ትቅረባት።

ሥራዬ የሰነድ ትርጉም ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና፣ ይህን ሁሉ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከወረቀቱ ሁሉ የሚያስቸግረኝ የሕጉ ቃል አይደለም። ስም ነው። ከስምም እንደ ገብረሥላሴ እጄ ላይ የተመላለሰ የለም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልህ ቅር አትሰኝ።

ጥያቄህ ብዙ ይመስላል እንጂ ሥሩ አንድ ነው። ገብረሥላሴ የቤተሰብ ስም አይደለም። የአንድ ሰው ስም ነው። የአያትህ። እዚያ አገር «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ስላለ እዚያ ሳጥን ውስጥ ገባ እንጂ እሳቸው ሲጠመቁ የወጣላቸው የግል ስማቸው ነበር። ይህን ከያዝክ የቀረው ይቀልሃል።

ከትርጉሙ ልጀምር። «ገብር» በግዕዝ አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው። «ሥላሴ» ሦስትነት። ሁለቱ ሲናበቡ የገብር መጨረሻ ይለወጣል፤ ር የነበረችው ረ ትሆናለች። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች፤ ግን በአማርኛ «የ» ብለን የምንጨምረውን ሥራ በግዕዝ የምትሠራው እሷ ናት። ቤት የነበረው ቤተ ክርስቲያን፣ ሕግ የነበረው ሕገ መንግሥት እንደሚሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ገብረ ሥላሴ የሥላሴ አገልጋይ ነው። ይቺን ረ አስታውሳት፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዚሁ መንገድ የተሠሩ ስሞች ብዙ ናቸው። ገብረ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ ገብረ ሕይወት፣ ገብረ ክርስቶስ፣ ገብረ እግዚአብሔር አሉ። ለሴት ወለተ ሥላሴ ወይም አመተ ሥላሴ ይባላል። ሥላሴን ይዘው ፊቱን የቀየሩም አሉ፦ ወልደ ሥላሴ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ፍቅረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሥላሴ። ሙስሊም ጎረቤትህ አብደላ ሲባል ያው ሐሳብ ነው፤ አብድ በዓረብኛ አገልጋይ ነው፣ አብደላና ገብረ እግዚአብሔር በትርጉም አንድ ናቸው። ይህን ለልጅህ ብትነግረው ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ነው እንዲህ ያለው ስም የሚወጣው። የሥላሴ ወርኃዊ በዓል በ7 ነው፤ ትልቁ በዓል ደግሞ ጥር 7 እና ሐምሌ 7። በዚያ ሰሞን የተወለደ ወይም ክርስትና የተነሳ ልጅ ሥላሴን በስሙ ቢይዝ አይገርምም። በብዙ ቦታ የክርስትና ስም ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ይቀመጥና ሰው በሌላ ስም ይጠራል። ትግራይና ኤርትራ ግን ገብረ ምንትስ የሚለው የዕለት መጠሪያ ሆኖ በብዛት ታገኘዋለህ። እንግዲህ አስበው፤ በየደብሩ፣ በየዘመኑ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ስንት ቄሶች ስንት ሕፃናትን ገብረ ሥላሴ ብለው ሰይመዋል? ለዚህ ነው ስሙን የያዘ ሁሉ ዘመድ የማይሆነው። ዝምድናው የአምልኮ እንጂ የደም አይደለም።

አሁን ወደ አጻጻፉ። መጀመሪያ በራሳችን ፊደል እንየው፣ ምክንያቱም ችግሩ የሚጀምረው ከቤታችን ነው።

ሥላሴ በንጉሡ ሥ ጀምሮ በእሳቱ ሴ ነው የሚጨርሰው። ለምን ብትል፣ ስሙ የወጣው በግዕዝ ሦስትን ከሚቆጥረው ሠለስቱ ነው። አማርኛውን «ሦስት»ን ተመልከት፦ መጀመሪያው ንጉሡ ሦ፣ መካከሉ እሳቱ ስ። ያው ነው። ሦስትን በትክክል የጻፈ ሰው ሥላሴን አይሳሳትም። ግን በድምፅ አሁን ስለማንለያቸው ሰው እንደመጣለት ይጽፋል። ሥላሴ፣ ስላሴ፣ ሥላሤ፣ ስላሤ፣ አራቱንም በማኅተም ሥር አይቻለሁ። እያንዳንዱ ደግሞ ወይ ከገብረ ጋር ይጋጠማል፣ ወይ ይለያል፣ ወይ «ገ/» ተብሎ በእዝባር (/) ያጥራል። አራት በሦስት፣ አሥራ ሁለት ዓይነት በፊደላችን ብቻ። ለዓይናችን ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ሥ እና ስ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ በአንዱ የተመዘገበውን በሌላው ብትፈልግ፣ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ካላሰበበት በቀር፣ «የለም» ይልሃል። ፋይሉ ግን እዚያው አለ። መዝገብ ቤት ሄደህ አልተገኘም ስትባል «እስቲ በሌላኛው ሰ ሞክሩልኝ» በል። ስንት ሰው በዚህ ቃል ፋይሉ ተገኝቶለታል።

አሁን ወደ ላቲኑ። ፊደሎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው እየጠራሁ ነው የምሄደው፣ አንተ ፓስፖርትህን ከጎንህ ዘርጋና ተከተለኝ።

መጀመሪያ ገ። እንግሊዝኛ የለመደ ጂ እና ኢ ብሎ ይጽፈዋል። ጣልያንኛ የተማረ ሰው ግን እንዲህ አይጽፍም፣ ምክንያቱም በጣልያንኛ ጂ ከኢ ፊት ከመጣች «ጀ» ነው የምትነበበው። ስለዚህ መካከሉ ላይ ኤች ያስገባል። የኤርትራ ሰዎች ስም ላይ ጂ፣ ኤች፣ ኢ የምታየው ለዚህ ነው፤ የጣልያን ዘመን ትምህርት ያስቀረው ልማድ ነው። ፈረንሳይኛ የተማረ ደግሞ በኤች ፈንታ ዩ ያስገባል። የቀድሞ ምሁራን ብዙዎቹ ከጂ ቀጥሎ ኤ ይጽፉ ነበር። በቃ አራት ሆነ፣ ገና በመጀመሪያው ፊደል።

ከዚያ ረ። አንዱ አር እና ኢ ይላል፣ አንዱ አር እና ኤ፣ አንዱ አር ብቻ። ቀጥሎ ሥ፤ ሳድስ ስለሆነች አናባቢዋ ቅጥነቷ አይጣል ነው፣ አንዱ ኢ ይሰጣታል፣ አንዱ አይ፣ አንዱ ባዶዋን ይተዋታል። ላ በአንድ ኤል ወይም በሁለት። ሴ ደግሞ በአንድ ኤስ ወይም በሁለት፣ መጨረሻው በኢ ብቻ ወይም በአይ እና ኢ፣ አራት ዓይነት። ጠቅላላው ስም የተጋጠመ፣ የተለያየ፣ ወይም በሠረዝ የተያያዘ፣ ሦስት። አባዛው፦ አራት በሦስት፣ በሦስት፣ በሁለት፣ በአራት፣ በሦስት። 864 ይመጣል። አንድ ስም ነው ይህ ሁሉ። ስለዚህ የአንተና የወንድምህ ስለተለያየ አትደንግጥ፤ ባይለያይ ነበር የሚገርመው።

«ትክክለኛው የቱ ነው?» ላልከው፣ በድምፅ ብቻ ከሄድን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ስሙን ጮክ ብለህ በለው። ሥላሴ። የሚጠብቀው የቱ ነው? ላ ነው። ሴ አይጠብቅም። ሆኖም ዓለም የለመደው አጻጻፍ ኤልን አንድ አድርጎ ኤስን ሁለት ያደርጋል። ይህ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ ነው፤ ፈረንሳዮችና ጣልያኖች ኤስን በሁለት አናባቢ መካከል ነጠላ ካዩ ወደ «ዘ» ሊወስዷት ይችላሉ፣ ስለዚህ ደረቧት። የኛን ጥብቀት የጠበቀው ኤልን የደረበው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በንጉሡ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በሁለት ኤል ነበር። ስለ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የታሪክ መጽሐፍ የጻፉት፣ ዲፕሎማትና ምሁር የነበሩት ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴም ስማቸውን በሁለት ኤል፣ በገ ላይ ኤ አድርገው፣ በሠረዝ አያይዘው ነበር የሚጽፉት። እኔ የእሳቸውን አጻጻፍ እወደዋለሁ። ድምፁን ያከበረ ነው።

ግን ተጠንቀቅ፤ መውደድ ሌላ፣ ወረቀት ሌላ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ የትምህርት ማስረጃውን ሊያስተረጉም መጣ። ድምፁን የጠበቀውን አጻጻፍ መርጬ ጻፍኩለት፣ ኤልን ደርቤ። ፓስፖርቱ ላይ ግን ያለው ሌላ ነበር። ወረቀቱን ያቀረበበት ቦታ «ይህ ያንተ ስም አይደለም» ብሎ መለሰው፤ እንደገና ተርጉሜ፣ እንደገና አስማምቶ እስኪያቀርብ ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ወር ጠበቀ። ልጁ አልተቆጣኝም፤ ያ ነው የባሰ የከበደኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ሰው ቢሮዬ ሲገባ መጀመሪያ የምለው «ፓስፖርትህን አሳየኝ» ነው። ለትርጉም ሥራ ትክክለኛ አጻጻፍ ማለት ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ነው። ያንተም ትክክለኛው እሱ ነው። አትንካው።

ስሙን ያስጠሩ ሰዎችን እግረ መንገዳችንን እንይ፤ የስሙ አኗኗር በእነሱ ላይ ግልጽ ብሎ ይታያል።

ኃይሌ ገብረሥላሴን ማን ያጣዋል። የአሰላው ልጅ። አትላንታ 1996 እና ሲድኒ 2000 በ10,000 ሜትር ወርቅ፤ ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ ከዚህ በኋላም እንዲሁ)። አሁን በውጤት ሰሌዳ ላይ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ተመልከት። ጂ፣ ኢ፣ ቢ፣ አር፣ ከዚያ ቀጥታ ኤስ። አር ቀጥሎ ኢ የለም። ይቺ ናት አስታውሳት ያልኩህ ረ። «የ» የምትለዋን፣ አገልጋዩን ከሥላሴ ጋር የምታያይዘዋን ድምፅ ነው ያ አጻጻፍ የዋጣት። በፍጥነት ስንናገር እኛም እንውጣታለንና ጻፊውን አልወቅስም፤ ዓለምም በዚያ አውቆታል፣ የእሱ ስም ነው። ግን ብዙ ሰው ገብረሥላሴ እንደዚያ ነው የሚጻፈው ብሎ ለልጁ ሲያስመዘግብ አያለሁ። የኃይሌ እንጂ የስሙ ሕግ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ሰሌዳ ላይ በትልቁ የሚወጣው የእሱ ስም አይደለም፣ የአባቱ ነው። እኛ ኃይሌ ነው የምንለው። እሱ ነው ስሙ። በባህላችን ደግሞ ልጆቹ በአባት ስማቸው ላይ ኃይሌን እንጂ ገብረሥላሴን አይዙም። የዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖምም እንዲሁ ናቸው። የቤተሰብ ስም ተብሎ የሚወጣላቸው ገብረ ኢየሱስ ነው፤ እንደ ኤርትራ ልማድ በኤች የተጻፈ፣ አስመራ ነው የተወለዱት። ዓለም ግን አሁን «ዶክተር ቴድሮስ» ማለት ለምዷል፤ ይህ ሰውን በራሱ ስም መጥራት የኛ ወግ ነው፣ ሲከበር ደስ ይለኛል።

ግርማይ ገብረስላሴ ኤርትራዊ ነው። በ2015 ቤጂንግ ላይ በ19 ዓመቱ የዓለም ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ፣ ለኤርትራም በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈ። የእሱ ስም በላቲን በጂ እና ኤች ይጀምርና፣ ረን ከነኢዋ ይይዛል፣ ሥ ላይ ግን አናባቢ የለም። ከኃይሌ ጋር አስተያየው፤ ኃይሌ ጋ የጠፋችው የረ ድምፅ ናት፣ ግርማይ ጋ የጠፋችው የሥ። ሁለት የዓለም ሻምፒዮን ሯጮች፣ አንድ የአባት ስም፣ በሰሌዳ ላይ ግን ባዕድ ለባዕድ ይመስላሉ። ለፈረንጅ ዳኛ አንድ ስም ነው ብትለው አያምንህም።

ወደ ኋላ ብንሄድ የዐፄ ምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ አሉ። እዚህ ላይ ስሙ በቦታው ነው፤ የራሳቸው ስም፣ አባታቸው ደግሞ ወልደ አረጋይ። ሥራቸው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ በፈረንሳይኛ ሲታተም ስማቸው በጂ፣ ዩ፣ ኢ ነበር የተጻፈው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ሄደህ እሳቸውን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ብቻ ብትፈልግ ታልፋቸዋለህ። ጀርመን አገር የታተመው ትልቁ የኢትዮጵያ ጥናት መዝገበ ዕውቀት ደግሞ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው በተራ የሚያስቀምጠው፣ በአባት ስም አይደለም። ይህን የወሰኑት ሰዎች አስበውበታል።

እህት ስሞችም ያው ጣጣ አላቸው። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እና የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በ2008 የመሠረቱት እሌኒ ዘውዴ ገብረ መድኅን ገብረ መድኅንን በላቲን የሚጽፉት በአንድ ፊደል ተለያይተው ነው፤ መድኅን ላይ አንዱ ኢ፣ አንዷ ኤ። የእሌኒ አባት ዘውዴ ሌላ፣ ደጃዝማች ዘውዴ ሌላ፤ ዘውዴም በሁለቱ ላይ ሁለት ዓይነት ነው የሚጻፈው።

ከሁሉ ግን ላንተ የሚቀርበው የቼኩ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ነው። አባቱ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሐኪም ናቸው፣ እናቱ ቼክ፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን በዩሮ 2012 ተሰለፈ፣ ከዚያ ለዌርደር ብሬመን እስከ 2021 ተጫወተ። እህቱ አና በእጅ ኳስ ትታወቃለች፣ ስሟም ያው ገብረ ሥላሴ። እዚያ ቤት ስሙ እውነተኛ የቤተሰብ ስም ሆኗል፤ በሁለት ቃል ይጻፋል፣ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። ልብ በል፤ በወንድምና በእህት ደረጃ የኛና የአውሮፓው ሥርዓት ልዩነት የላቸውም፣ ሁለቱም ጋ የአባት ስም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቀጣዩ ልጅ ሲወለድ ነው። አንተ አሁን የቆምክበት ቦታ ማለት ነው።

ልጅህ ትምህርት ቤት ለተጠየቀው፦ የኃይሌ ዘመድ አይደለንም፣ የኃይሌ አባትና የአባቴ አያት ስማቸው አንድ ዓይነት ነበር ይበል። የንጉሡስ ዘመድ ናችሁ ካሉት፣ ኃይለ ሥላሴ ሌላ ስም ነው፤ የሥላሴ ኃይል ማለት ነው፣ የተፈሪ መኰንን የክርስትና ስም ነበር፣ ሲነግሡ የመንግሥት ስማቸው አደረጉት። ለእሳቸው የቤተሰብ ስም አልነበረም።

የወንድምህ ጉዳይ ግን አሳስቦኛል፣ በግልጽ ልንገርህ። «ሥላሴ» ብቻውን የሰው ስም አይደለም። የአምላክ ስም ነው። «ሚስተር ሥላሴ» ሲባል አማኝ ጆሮ ላይ ይከብዳል፤ እናታችሁ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አንተ ታውቃለህ። የውጭ ጋዜጦች ንጉሡን እንዲሁ «ሥላሴ» እያሉ ጽፈው ልማዱን አስፋፉት። የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ ስሙ በክፍት ቦታ ተለያይቶ ሲጻፍ ቅጽ የሚሞላው ሰው የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም፣ ፊተኛውን የመካከል ስም ያደርጋል። «ገ/» ብሎ በእዝባር የጻፈም አይድንም። ፓስፖርት ሥር ያሉት ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች እዝባርም ሠረዝም አያውቁም፤ ለስም ያላቸው ቦታ ደግሞ 39 ብቻ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ነበረች፣ የአባቷ ስም በክርስትና ካርዷ «ገ/ሥላሴ»፣ በቀበሌ መታወቂያዋ «ገብረስላሴ»፣ በዲፕሎማዋ በላቲን ጂ እና እዝባር፣ በፓስፖርቷ ሙሉው። ዲፕሎማውን ያዩት የውጭ ሰዎች ጂን እንደ አንድ ስም ቆጥረው የሌላ ሴት ወረቀት ነው አሉ። አራቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ስታለቅስ ዛሬም ትታየኛለች። በሕግ ፊት በተረጋገጠ ቃለ መሐላ፣ አራቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አጽፈን ነው የተፈታው።

ወንድምህ ገና ዜግነት ካልወሰደ መልካም አጋጣሚ አለው። አሜሪካ ውስጥ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ስም መቀየር እንደሚፈልግ መጠየቅ ይችላል። ያኔ አንድ ላይ፣ ካንተ ጋር በፊደል ሳይዛነፍ አንድ አድርጎ ይጠይቅ። ወስዶ ከሆነ በሚኖርበት ግዛት ፍርድ ቤት በኩል ነው፤ ትንሽ ወጪና ጊዜ አለው፣ ግን ልጆች ከመብዛታቸው በፊት ቢያደርገው እመክራለሁ።

ወደሚወለደው ልጅ እንምጣ። ሁለት መንገድ አለህ። የኛን ወግ ይዘህ ያንተን ስም የቤተሰብ ስሙ ልታደርግ ትችላለህ። ያምራል፣ እውነትም ነው። ግን አባትና ልጅ በወረቀት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይይዛሉ፤ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ኤርፖርት ላይ «ልጁ ያንተ ነው?» ትባላለህ፣ የልደት ወረቀቱን ከኪስህ አታወጣውም። ትልቁ ልጅህም የቤተሰብ ስሙ ገብረሥላሴ ከሆነ ወንድማማቾቹ ይለያያሉ። አገር ቤትም ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። በሕጉ ውስጥ አለ፣ በኑሯችን ግን አልገባም። እዚያ ግን ሳጥኑ አይቀርልህም።

እኔ ብሆን ገብረሥላሴን የቤተሰብ ስም፣ ያንተን ስም የመካከል ስም አደርጋለሁ። አጻጻፉን ካንተ ፓስፖርት በፊደል በፊደል ቅዳው። አታሻሽለው፣ ኤልም አትደርብ፣ የኔን ታሪክ ነግሬሃለሁ። አንድ ነገር ግን እወቅ፤ እንዲህ ስታደርግ ከሰንሰለቱ የሚወድቀው የአባትህ ስም ነው። ለሕፃኑ አያቱ አባትህ ናቸው፣ ገብረሥላሴ ቅድመ አያቱ። ስለዚህ ክርስትና ሲነሳ በሚሰጠው ካርድ ጀርባ ላይ፣ በእጅህ፣ በፊደላችን፣ ከልጁ ጀምረህ አንተን፣ አባትህን፣ ገብረሥላሴን፣ ከዚያ በላይ ያሉትን በተራ ጻፍለት። ሥላሴን በንጉሡ ሥ።

ከዚያ በላይ ስል ያ የመጨረሻ ጥያቄህ መጣ። «ተ/ሥላሴ»።

«ገ/» ብዙ አያሳስትም፣ ገብረ ነው። «ኃ/» ኃይለ ነው። «ወ/» እና «ተ/» ናቸው የሚያስቸግሩት። «ወ/ሥላሴ» ወልደ ነው ወይስ ወለተ? ወንድ መሆኑን ካወቅክ ይፈታል። «ተ/ሥላሴ» ግን በጾታ አይፈታም፤ ተክለ ሥላሴም ተስፋ ሥላሴም የወንድ ስም ናቸው። ጸሐፊው ያኔ ያጠረው ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል ብሎ ነው። እኔ ከወረቀቱ ብቻ ልነግርህ አልችልም፣ ማንም ተርጓሚ ገምቶ ቢጽፍልህም አትቀበለው። አንዴ በማኅተም ከወጣ ግምቱ ቅድመ አያትህ ይሆናል።

አክስትህ በሕይወት አሉ ብለሃል። ዛሬውኑ ደውልላቸው። «ተ/ሥላሴ ሙሉ ስማቸው ማን ነው?» ብለህ አትጠይቃቸው፤ ሙሉ ስሙ ላይጠራቸው ይችላል። ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት፣ ሚስታቸው ምን ብለው ይጠሯቸው እንደነበር ጠይቅ። ገብረሥላሴ ቤት ውስጥ ገብሬ ወይም ገብሩ እንደሚባለው ሁሉ የእሳቸውም ቁልምጫ አለ። ተክሌ ካሉህ ተክለ ሥላሴ ናቸው። ተስፌ ወይም ተስፋዬ ካሉህ ተስፋ ሥላሴ። የነገሩህን ጻፍልኝ፤ የሁሉንም የላቲን አጻጻፍ ካንተ ፓስፖርት ጋር አስማምቼ እልክልሃለሁ።